«ዛሬ አትጫወትም»

ባለፈው ወር፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ጠላኝ። ምክንያቱ ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ዛሬ አትጫወትም» አልኩት።

ልጁ በተስፋ ቡድናችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ፈጣኑ ነው። በግራ መስመር አንዴ ከተነሳ ተከላካዮች የሚያዩት የማልያውን ቁጥር ብቻ ነው። ረቡዕ ልምምድ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ይዞ ሊዞር ሲል ጉልበቱ «ቀጭ» አለና ወደቀ። ማታውን አበጠ። ሐሙስ በረዶ ተደረገለት። ዓርብ እብጠቱ ትንሽ ቀነሰ። ቅዳሜ ደውሎ «ጋሼ፣ ተሽሎኛል፣ ምንም አልሆንኩም» አለኝ።

እሑድ መልበሻ ክፍል ስገባ ታኬታውን አስሮ ቁጭ ብሏል። ወጌሻችን ፋሻ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። አሰልጣኙ ወደ ጥግ ወሰደኝና «ሃያ ደቂቃ ብቻ ላስገባው። ካመመው ወዲያው አወጣዋለሁ» አለኝ። ነገሩ ገብቶኛል። የዚያን ቀን ልጁን ለማየት ከሌላ ክለብ የመጡ ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ለእሱ ሃያ ደቂቃ ማለት የፊርማ ገንዘብ ነው፣ ለእናቱ የቤት ኪራይ ነው።

ተጫዋቹ በጤና ብቁ ነው ብሎ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ሰው ግን እኔ ነኝ። አልፈረምኩም።

1 ለ 0 ተሸነፍን። ልጁ በአጥሩ በኩል ሲወጣ እንባውን በማልያው እየጠረገ «አንተ ኳስ ተጫውተህ የምታውቅ አይመስለኝም» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ እሷ ንግግር ናት።

ጃን ሜዳ

ተጫውቼ አውቃለሁ። ያደግኩት ከጃን ሜዳ በእግር አስር ደቂቃ በማይሞላ ሰፈር ነው። ጃን ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ አምስት ስድስት ቡድን ጎን ለጎን የሚለማመድበት ሜዳ ነው። የአንዱ ቡድን ግብ ጠባቂ የሌላውን ቡድን ኳስ ሲያወጣ ማየት ለእኛ ብርቅ አልነበረም። ከካልሲ ኳስ ወደ ሰፈር ፕሮጀክት፣ ከፕሮጀክት ወደ አንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ገባሁ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ቂም ለመወጣት አይደለም የምጽፈው።

19 ዓመት ሲሞላኝ ቀኝ ጉልበቴ ልክ እንደዚህ ልጅ «ቀጭ» አለ። ያኔ ኤምአርአይ የሚባል ነገር ስሙንም አልሰማሁም። ወጌሻው አሸልኝ፣ ጠቅልሎ አሰረልኝ። አሰልጣኛችን «ወንድ ልጅ በጉልበት ሕመም ይቀራል እንዴ?» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት የሕመም ማስታገሻ ተወግቼ ገባሁ። የማንም ፊርማ አላስፈለገም። ለነገሩ የሚፈርም ሰውም አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወትኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ስመለስ ጉልበቴ ከዳኝ። ጉልበቴ ከሥሬ ወጥቶ ሄደ ብል ይቀለኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ለክለብ ኳስ አልነካሁም።

ክለቡ የአንድ ወር ደመወዝ ከፈለኝ። በሁለተኛው ወር ስልክ የሚያነሳልኝ ጠፋ። በመጨረሻ እማዬ ከዕቁቧ አውጥታ ወደ አጥንት ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መጀመሪያ የተበጠሰው ጅማቱ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ግን በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ ፈጨሁት። «የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ግን ውሳኔ ነው» አለኝ።

ዛሬም ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ።

«ስፖርት ደግሞ ይማሩታል እንዴ?»

ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኳስ በቴሌቪዥን ማየት እንኳን አልፈልግም ነበር። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተናዬን እንደገና ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስፖርት ሳይንስ ደረሰኝ። የሰፈር ሰው ሳቀ። «ስፖርት ደግሞ ይማሩታል እንዴ? ፑሽአፕ ሊያስተምሩህ ነው?»

እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የጉልበትን ሥዕል ገለጡልን። በጉልበት ውስጥ የፊት መስቀል ጅማት የሚባል አለ፤ በስፖርቱ ሰፈር ኤሲኤል የምንለው ነው። ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ገመድ ነው። ሥራው የቅልጥም አጥንት ከጭኑ ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት መያዝና ስንዞር ጉልበቱን ማጽናት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ሰው መትቶን ሳይሆን ራሳችን ስንዞር፣ በድንገት ስንቆም ወይም ከዝላይ ስናርፍ ነው። ሲበጠስ ድምፅ ይሰማል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ያብጣል። ከቀናት በኋላ እብጠቱ ይጎድልና ተጫዋቹ የዳነ ይመስለዋል። ገመዱ ግን ተበጥሶ እንደቀረ ነው።

ያን ምሽት መኝታ ክፍሌ ውስጥ አንድ እጄን መጽሐፉ ላይ፣ አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አነበብኩ። የራሴን ታሪክ ሰው ቀድሞ ጽፎት አገኘሁት።

በሁለተኛው ዓመት ዮዮ ቴስትን ተማርን። ኳስ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ትረግሙታላችሁ። 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር መመለስ፣ አስር ሰከንድ ማረፍ፣ እንደገና መነሳት። ድምፁ በየደረጃው እየፈጠነ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ መስመሩ ላይ በሰዓቱ ካልደረስክ ወጣህ። እኛ በጃን ሜዳ ጊዜ ብቃታችን የሚለካው በዙር ነበር። ሜዳውን ዞረን ዞረን፣ መጨረሻ ላይ ያልወደቀው «ጎበዝ» ይባላል። ኳስ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አስር፣ አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሸፍንም አብዛኛው እርምጃና ዱብ ዱብ ነው። ጨዋታውን የሚወስኑት አጫጭሮቹ ፍጥነቶች ናቸው። ፈትለክ ትላለህ፣ ትቆማለህ፣ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ፣ ደግሞ ትነሳለህ። ዮዮ የሚለካው ይህንን ነው።

መምህራችን ይህን ፈተና የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ሲነግሩን ጆሮዬ ቆመ። የንስ ባንግስቦ ይባላል፣ ዴንማርካዊ ነው። በአገሩ ከፍተኛ ሊግ ለዓመታት ኳስ ተጫውቷል። ከዚያ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ተጫዋች ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ ፕሮፌሰር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 ደግሞ ጁቬንቱስ ገብቶ ከማርቼሎ ሊፒ ጋር በአሰልጣኝነት ሠራ፤ ቡድኑ በ2003 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደርስ እዚያው ነበር።

እኔን የገረመኝ ዝናው አይደለም። የደከመው ሰው ራሱ ድካሙን መለካቱ ነው። ሩጫው አንጀቱ ድረስ የተሰማው ሰው ነው «ይህ ሩጫ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴ ኪሳራ ብቻ እንዳልሆነ አሰብኩ። ሌላ ሰው የሌለው መረጃ ነበረኝ።

መሳቢያው

ተመርቄ አንድ ክለብ ውስጥ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ብዙ ነገር አውቃለሁ ብዬ ገባሁ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን የማሟሟቂያ ፕሮግራም አመጣሁ። 15 እንቅስቃሴዎች ናቸው፣ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ብር አይጠይቅም፣ ዕቃ አይጠይቅም። በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሠሩ ቡድኖች ካልሠሩት ያነሰ ጉዳት እንደሚደርስባቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የጅማት ኦፕራሲዮን ያደረገ ልጅ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ሜዳ ቢመለስ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በጣም እንደሚጨምርም ጻፍኩ። ሁሉንም በስምንት ገጽ ሪፖርት አድርጌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ።

«ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» አሉኝና መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት። በዓመቱ ለሌላ ወረቀት ስሄድ መሳቢያውን ሲከፍቱ እዚያው አየሁት።

ይኼኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሳይንሱ ጉልበቱን ያውቃል፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ማኅተሙ ነው። ልጁ ይጫወት አይጫወት፣ ኤምአርአዩን ማን ይክፈል፣ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው የሚወሰነው ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ነው።

እንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍና የካፍን የክለብ ላይሰንስ ፎርም መሙላት ስለምችል ቀስ በቀስ ወደ ቢሮ ተገፋሁ። ጓደኞቼ «በቃ፣ ቢሮክራት ሆንክ» አሉኝ። አፍሬ ነበር። ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ለማለት ቱታ ለብሼ ነበር ቢሮ የምገባው። ሐፍረቱ የለቀቀኝ የአንድ ሰው ታሪክ በደንብ ሳነብ ነው።

አንድ አህጉር «አልጫወትም» ሲል

ይድነቃቸው ተሰማ። ስማቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔም ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አላውቅም ነበር። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ያ ታላቅ ገጣሚ። ልጃቸው ይድነቃቸው በጅማ ተወለዱ፤ የልደት ቀናቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ተብሎ ተመዝግቧል። የእንቁጣጣሽ ልጅ ናቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ተጫዋች ነበሩ፤ ያውም አጥቂ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ 23 ዓመት ያህል ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታ 318 ጎል የሚለው ቁጥር ስማቸው በተነሳበት ሁሉ ይጠቀሳል። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ኳስ እንኳን በዘር ተከፋፍሎ ነበር፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር። እሳቸው ያደጉት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስፖርቱን ከሚያደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት እዚያ ነበሩ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ወር እዚያው ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ቡድን ቀላቅዬ አላመጣም አለች። «እንግዲያውስ አትጫወትም» ተባለች። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፣ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ያኔ ገና የ35 ዓመት ሰው ናቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ የጥምቀት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ብሔራዊ ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ተክሌ ኪዳኔና ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያቺ ዋንጫ እስከ ዛሬ አንድ ናት።

ብዙዎቻችን የምናውቀው እዚህ ድረስ ነው። እኔን የለወጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ቦታ አከፋፈለ። 16 ቡድን ነው የሚገባው። አውሮፓ 10፣ ደቡብ አሜሪካ 4፣ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ 1። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ ተሰጠች። ለሦስት አህጉር አንድ ወንበር! የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ አይገባም፤ ከሌሎቹ አሸናፊዎች ጋር ደግሞ መጋጠም አለበት።

ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፊፋ አልሰማም። ደብዳቤው መሳቢያ ገባ በሉት። በመጨረሻ አፍሪካ ያላትን አንድ ካርድ መዘዘች። የተመዘገቡት 15ቱም የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች።

አሁን አንድ ደቂቃ ስልካችሁን ዝቅ አድርጉና አስቡት። እነ መንግሥቱ ወርቁ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነው ሁለት ዓመታቸው ነው። ጋና በ1963 እና በ1965 ዋንጫውን ደጋግማ የወሰደች ቡድን ናት። እነዚህ ልጆች በሕይወታቸው አንዴ የሚያገኙት ዕድል ነበር። እሱን ዕድል «ዛሬ አትጫወቱም» ብለው ከከለከሉት ሰዎች አንዱ ኳስ ጠልተው አይደለም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አጥቂ የነበሩ ሰው ናቸው። ጎል ፊት ቆሞ አለመምታት ምን ያህል እንደሚያም ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከዚያስ? ለ1970ው ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ ሰጠ። ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። በ2022 ኳታር ላይ አምስት ቡድን ነበረን፤ ሞሮኮ ፖርቱጋልን አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ስትገባ እናንተም እንደ እኔ ጮኻችኋል። ቡድኑ ወደ 48 ባደገበት በ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ደግሞ የአፍሪካ ቀጥተኛ ድርሻ ዘጠኝ ነው። ያ ጩኸት የተዘራው እነ መንግሥቱ ባልተጫወቱበት ማጣሪያ ነው።

ደቡብ አፍሪካም ጉዳይዋ እንዲሁ አልቀረም። ፊፋ በ1961 አገዳት፣ በ1963 እገዳውን አነሳ። አፍሪካውያን አልተኙም፤ በቀጣዩ ዓመት ቶኪዮ ላይ እንደገና አሳገዷት፣ በ1976 ጭራሽ ተባረረች። በልጅነታቸው በዘር በተከፋፈለ ሜዳ የተጫወቱት ሰው ያኔ የካፍ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከ1972 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ መሩት። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ነው፣ የቡሄ ዕለት። የእንቁጣጣሽ ልጅ ችቦ በሚበራበት ቀን ሄዱ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቱታዬን አውልቄ ሸሚዝ ለብሼ ቢሮ መግባት ጀመርኩ። ሰውየው በእግራቸው ያገቡትን ጎል ያየ ዛሬ ጥቂት ነው። በደንብ መጽሐፍ ያስገቡት ግን በየአራት ዓመቱ ይታያል።

ደግሞም ያሳዝናል። ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ የእኛ ናት፤ ብሔራዊ ቡድናችን ግን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አላሟሉም ተብሎ ባለፉት ዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ከርሟል። ይህ የአጥቂ ችግር አይደለም። የወንበር ችግር ነው።

ሁለት መስመር

እኔ ካፍን አልመራም። የአንድ ክለብ ቢሮ ውስጥ የቴክኒክና የሕክምና ጉዳይ ነው የምይዘው። ያገኘኋት ድል ሁለት መስመር ናት። በክለባችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ «በልምምድም ሆነ በጨዋታ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ክለቡ ያሳክማል፤ ይህም የተስፋ ቡድን ተጫዋቾችን ይጨምራል» የሚል ተጽፏል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ለማስገባት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። «የተስፋ ቡድን ተጫዋቾችን ይጨምራል» የምትለዋ ብቻ አራት ስብሰባ በላች።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰኞ ጠዋት የኤምአርአይ ማዘዣውን ይዤ ሥራ አስኪያጃችን ጋ ገባሁ። «ለተስፋ ልጅ? ይኼን ሁሉ ብር?» አሉኝ። ደንቡን ገልጬ አሳየኋቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፈረሙ። እኔ በ19 ዓመቴ ያጣሁት ይቺን ፊርማ ነበር።

ውጤቱ ረቡዕ መጣ። ጅማቱ ተበጥሷል። ትራሱ ግን ደህና ነው። ሐኪሙ «በዚህ ጉልበት ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። መጨረስ አላስፈለገውም። እኔ ጨርሼዋለሁ።

ለልጁ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እናቱ ባሉበት። ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ቢያንስ ዘጠኝ ወር። እናቱ «ተመስገን፣ ይድናል ማለት ነው» አሉ። እሱ መሬት መሬት እያየ ቆየና «ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ልሥራ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ቤት ስቀመጥ ማንም ስላልጠየቀኝ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ኳስ ለምትጫወቱ ሦስት ነገር ልበላችሁ። አንድ፣ ጉልበታችሁ ድምፅ አሰምቶ በዚያው ቀን ካበጠ፣ በሦስተኛው ቀን ቢሻላችሁም ሐኪም ሳያየው ሜዳ አትግቡ። መርፌ ሕመሙን ያጠፋል እንጂ ገመዱን አይቀጥልም። ሁለት፣ ፊፋ 11 ፕላስን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፤ በነጻ ነው፣ በሰፈር ፕሮጀክትም ይሠራል። ሦስት፣ ደብተራችሁን አትጣሉ። ታኬታችሁን በ19ም በ35ም ትሰቅሉታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ተጫዋቾች የሚወስነው ወንበር ላይ ሜዳ ረግጦ የማያውቅ ሰው ብቻ እንዳይቀመጥ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እናንተ መቀመጥ መቻል አለባችሁ።

የልጁ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዟል። እስከዚያው ልምምድ ላይ እንዲመጣ ጠየቅሁት፣ እያነከሰ መጣ። ባለፈው ሐሙስ ዮዮ ቴስት ስናደርግ ዝርዝሩን አስያዝኩት። ድምፁን እየሰማ፣ መስመሩን እያየ፣ ሁለት ጊዜ የሳተውን ስም እየጻፈ ቁጭ አለ። የቅርብ ጓደኛው በአንድ እርምጃ ሲያመልጠው «ደርሻለሁ! አይቆጠርም!» ብሎ ለመነው። ልጁ አንገቱን ነቀነቀና ስሙ አጠገብ ጭረት አደረገ።

ወረቀቱን ሲመልስልኝ አሁንም ሙሉ በሙሉ ፊት አልሰጠኝም። «ጋሼ፣ አንተ በጊዜህ ስንተኛ ደረጃ ነበር የምትደርሰው?» አለኝ።

«በእኔ ጊዜ ይኼ አልነበረም። ጃን ሜዳን ነበር ስንዞር የምንውለው» አልኩት።

«በዚያ ጉልበት?»

«በዚያ ጉልበት።»

ወደ ጉልበቴ አየ። ከዚያ ወደ ራሱ ጉልበት አየ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከእሑዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።